መሬት የተቀመጠችው ልብስ ሰፊ

አንዲት ልብስ ሰፊ ነበረች። ሱቋ ውስጥ ደንበኞች ቀሚስ ለክተው ራሳቸውን የሚያዩበት ትልቅ መስታወት አላት። የሰባት ዓመት ልጇ ኤፍራታ ቀኑን ሙሉ ከዚያ መስታወት ፊት ተቀምጣ እጆቿን ታራግባለች። ኦቲዝም አለባት። ስሟ ሲጠራ ዞር አትልም፤ እናቷን እንኳ ቀና ብላ አታይም።

እናትየዋ ምን ታደርግ ነበር? እጇን ለቀም! "ተይ እንጂ፣ ሰው ያያል!" ደንበኛ ሲመጣ ደግሞ ወደ ጓዳ። እናንተስ ብትሆኑ? እኔ ያንኑ ሳላደርግ አልቀርም።

አንድ ቀን የልጅቷ አስተማሪ መጣች። "እህቴ፣ 'እንደ እኛ ሁኚ' ማለቱን እስቲ ለጊዜው ተዪው። ከጎኗ ተቀመጪና እሷ የምታደርገውን አድርጊ" አለቻት።

"ደንበኞቼ አበደች እንዲሉኝ ነው?"

"ይበሉ።"

እስቲ አስቡት! ትልቅ ሴትዮ፣ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች፣ መሬት ቁጭ ብላ እጇን ስታራግብ! አፍራለች፤ ግን አራገበች። ኤፍራታ ቆም አለች። እናትየዋም ቆም አለች። ልጅቷ ቀስ ብላ አንድ እጇን አነሳች፤ እናቷም አነሳች። መስታወቱ ውስጥ እናቷን አየች፣ ራሷን አየች፣ እንደገና እናቷን። ምን እያሰበች ይሆን? "ይህቺ ሴትዮ ምን ነካት?" ብላ ይሆን? ከዚያ ምላሷን አወጣች፤ ልትፈትናት እኮ ነው! እናትየዋም ምላሷን አወጣች። ኤፍራታ ሳቀች።

በየቀኑ እንዲህ አደረጉ። ከወራት በኋላ፣ ጨርቅ የሚሰመርበት ጠመኔ የኤፍራታን ግንባር ነጭ አደረገው። ሌላ ጊዜ ቢሆን የምትጠርገው መስታወቱን ነበር። ያን ቀን ግን መስታወቱ ውስጥ ነጩን አይታ እጇን ወደ ገዛ ግንባሯ ወሰደች። "ያቺ እኔ ነኝ" ማለቷ አይደለም? እናትየዋ አለቀሰች። ኤፍራታ ዛሬም አትናገርም፤ እናቷ ስትገባ ግን ዞር ብላ ታያታለች።

ወገኖቼ፣ ይህቺን እናት ታውቋታላችሁ። የዚህችው ቤተ ክርስቲያን ልጅ ናት፤ ይህንንም ያጫወተችኝ እሷው ናት። አምና እዚሁ አዳራሽ ኤፍራታ እጇን ስታራግብ "ጉባኤው ተረበሸ፣ አውጧት" ያለው ማን ነበር? እኔ ነኝ። አዎ፣ እኔ። ጌታችን ከላይ ሆኖ "እንደ እኔ ሁኑ" ብሎ አልጮኸብንም፤ ወርዶ እንደ እኛ ሆነ። ይህን ስሰብክላችሁ ስንት ዓመቴ!

እናንተስ? ቤታችሁ ውስጥ "እንደ እኛ ሁን" እያላችሁ የምትጎትቱት ማን ነው? ምን እንደሚያይ፣ ምን እንደሚያስቀው ለማወቅ አንድ ቀን አጠገቡ ዝቅ ብላችሁ ታውቃላችሁ?

እናትና ልጅ አሁንም ውጭ ግቢው ውስጥ ናቸው፤ የሚሰሙን በድምፅ ማጉያ ነው። ስብከቴን እዚህ ላይ አቆማለሁ። ወጥቼ ከእነሱ ጋር ልቀመጥ ነው። የሚመጣ ይምጣ።