ክፍል ከፍቻለሁ

አንድ ወጣት ነበር፤ ታሞ ቤት የዋለ። ኩላሊቱ ደክሞ፣ አንዱን ቀን ሆስፒታል ለእጥበት፣ ሌላውን ቀን አልጋው ላይ ነበር የሚያሳልፈው። ከሰው ጋር የሚያገናኘው አንድ ነገር ብቻ ነበረው፤ ኮምፒውተሩ። ሲመሽ ከሰፈር ጓደኞቹ ጋር በኢንተርኔት ይጫወት ነበር። እነሱ በየቤታቸው፣ እሱ አልጋው ላይ፣ በድምፅ እየተነጋገሩ።

ጨዋታ ነው ብላችሁ አትናቁብኝ። ለእናንተ ጨዋታ ነው። ለእሱ ግን የሰፈሩ ጥግ ነበር፤ የሚቆምበት፣ የሚሟገትበት፣ ሆዱን ይዞ የሚስቅበት። እግሩ የማያደርሰው ቦታ የሚደርሰው ጆሮው ላይ ባጠለቀው ማዳመጫ ነበር።

ኮምፒውተሩም እንደ እሱ ደከመ። አሮጌ ነው። ዊንዶውሱ ከበደው፤ ጨዋታ መሃል ላይ ቀጥ ብሎ ይቆም ጀመር።

"ዘኪ፣ በአንተ ምክንያት ተሸነፍን እኮ!"

"ያንን ሣጥን ለቆራሌው ስጠው!"

እየሳቁ ነው የሚሉት። እሱም ይስቃል። በልቡ ግን፣ ሸክም ሆንኩባቸው አለ። ዘኪ ያሉት ዘካርያስን ነው። የአክስቴ ልጅ ነው፤ የምነግራችሁን ያየሁት በዓይኔ ነው።

አዲስ ኮምፒውተር መግዛት አይታሰብም፤ ቤቱን ሕክምናው ጨርሶታል። ታዲያ ምን አደረገ? አልጋው ላይ ሆኖ ከዩቲዩብ ተማረና ዊንዶውሱን አጥፍቶ ሊኑክስ ጫነበት። ሊኑክስም እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅስ ፕሮግራም ነው፤ በነጻ የሚገኝ፣ ለአሮጌ ማሽን የማይከብድ። ማሽኑ ነፍስ ዘራ። ጨዋታዎቹ አንድ በአንድ ተከፈቱ። የኳሱ ተከፈተ። የመኪናው ተከፈተ። ደሴት ላይ ቤት የሚሠራበትም ተከፈተ። ጠርቶ ሲያሳየኝ የነበረው ፊት የበሽተኛ ፊት አልነበረም።

አንዱ ብቻ እምቢ አለ። ጓደኞቹ ሁልጊዜ የሚጫወቱት የተኩስ ጨዋታ። ያ ጨዋታ አጭበርባሪዎችን የሚፈትሽ ጥበቃ አለው፤ ጥበቃው ደግሞ ሊኑክስ የተጫነበትን ኮምፒውተር አያስገባም። በር ላይ ይመልሰዋል። በቃ።

ዘኪ አልተከፋም። ቴሌግራም ግሩፓቸው ላይ በድምፅ ላከ፤ አጠገቡ ነበርኩ። "ልጆች፣ ማሽኔ እንደ አዲስ ሆነ! ያቺ ብቻ እምቢ አለችኝ። ሌላ እንጫወት በቃ። የኳሱ ሁላችሁም ጋ አለ፣ እኔም ጋ ይሠራል።"

ጆሲ የሚሉት የቡድኑ አለቃ መለሰ። "ሊኑክስ? ሃከር ሆነህ ባንክ ልትዘርፍ ነው እንዴ አንተ? ሂድ ዊንዶውስህን መልስና ና!"

"ከመለስኩት እንደ ድሮው ይቆማል። የምትሰድቡኝ እናንተው ናችሁ።"

"ብሮ፣ አሁን ደረጃችን ጥሩ ላይ ነው። ሲዝኑ ይለቅና የኳሱን እንጫወታለን።"

"እሺ፣ ሲዝኑ ይለቅ።"

ሲዝኑ፣ ያ ደረጃ የሚወጣበት የውድድር ወቅት፣ አለቀ። ሌላ ሲዝን ተጀመረ። ያም አለቀ።

ዘኪ ግን ሲመሽ የኳሱን ጨዋታ ይከፍትና፣ ጓደኞቹ ገብተው አብረውት የሚጫወቱበትን ክፍል አዘጋጅቶ ግሩፑ ላይ ይጽፋል፤ "ክፍል ከፍቻለሁ።" ማዳመጫውን አጥልቆ ይጠብቃል። ማንም አይገባም። በማግስቱም፣ "ክፍል ከፍቻለሁ።" አንዱ የሳቅ ምልክት ይልካል። ሌላው "ነገ" ይላል። በማግስቱም፣ "ክፍል ከፍቻለሁ።"

አንድ ቀን እናቱ በሩ ላይ ቆማ፣ "ዘኪዬ፣ ጓደኞችህ ምነው ጠፉ? ሳቅህ እኮ ጎረቤት ድረስ ይሰማ ነበር። ተጣላችሁ እንዴ?" አለችው።

"ኧረ አልተጣላንም እማ። ሥራ በዝቶባቸው ነው።"

ሰማችሁ? ሸፈነላቸው! ደጅ ያቆሙትን ሰዎች በእናቱ ፊት ሸፈነላቸው!

ክረምቱ ሳይወጣ ዘካርያስ ሞተ።

ለቅሶው ላይ ሁሉም መጡ። አንድ አልቀረም። ድንኳን የተከሉት እነሱ፣ ወንበር የተሸከሙት እነሱ። ጆሲ ዓይኑ በለቅሶ ቀልቶ አክስቴ አጠገብ በርከክ አለና ስልኩን አወጣ። "ማዘር፣ ለዘኪ ያደረግንለትን ይዩልን።"

ቪዲዮ ነው። በዚያ የተኩስ ጨዋታ ውስጥ ወታደሮቻቸው ኮረብታ ላይ ተሰልፈዋል፤ መሣሪያቸውን ዝቅ አድርገው፣ ተንበርክከው። በእያንዳንዳቸው ራስ ላይ አንድ ስም ተጽፏል፤ ዘኪ።

"የቱ ነው የኔ ልጅ?" አለች።

"ሁላችንም ነን ማዘር። ስማችንን በእሱ ስም ቀይረን ነው።"

"እሱ ይህን ቦታ ያውቀዋል?"

"ድሮ አብሮን ነበር። ኋላ ኮምፒውተሩ አላስገባ አለው።"

"እሱን የሚያስገባው ሌላ ቦታ አልነበረም?"

ጆሲ አንገቱን ደፋ። "ነበር ማዘር።"

"እናንተን አያስገባችሁም?"

"ያስገባናል።"

አክስቴ ሳህኑን ወደ እሱ ገፋ አድርጋ፣ "ንፍሮ ውሰድ ልጄ" አለችው።

እሷ ቻለችው። እኔ አልቻልኩም፤ ዛሬም አልችልም። መታሰቢያ ያደረጉለት የት ነው? እሱ በማይገባበት! ሰውየውን ደጅ ጥለው ስሙን አስገቡ! ስምማ ምን ያስቸግራል? ስም አይታመም፣ ስም አይዘገይ፣ በስም ምክንያት ማንም አይሸነፍ።

"ግን እኮ አለቀሱለት" ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ አለቀሱ። እንባቸውም የውሸት አልነበረም። የሚያበግነኝ ይኸው ነው! ይወዱት ነበር። እየወዱት፣ ለአንዲት ምሽት እንኳ ደረጃቸው ዝቅ እንዲልለት አልፈቀዱም።

እናንተስ፣ ወገኖቼ? በጆሲ ላይ ብቻ የምጮህ እንዳይመስላችሁ። የጸሎት ፕሮግራሙን ጠዋት ላይ ያደረገው ማን ነው? ፋብሪካ በፈረቃ የምትሠራውን እህታችንን "ቀዘቀዘች" ያልናት እኛ አይደለንም? አልቀዘቀዘችም! ሰዓቱ ይቀየርልኝ ብላ ለምናን "እናያለን" ብለናት ነው። መዘምራን፣ ልምምዳችሁ ፎቅ ላይ ነው። እግሩን የተጎዳው ወንድማችሁ ፎቁ ሥር ቆሞ ድምፃችሁን አዳምጦ ወደ ቤቱ ይመለሳል። እናንተም "ጥሩ ድምፅ ነበረው" ትላላችሁ። ነበረው? አሁንም አለው! ታች ያለው ክፍል እኮ ባዶ ነው!

ሽባውን ወደ ኢየሱስ ተሸክመው የመጡት ሰዎች በበሩ ማለፍ ቢያቅታቸው የሰው ጣራ ቀደዱ። እኛን ማን ጣራ ቅደዱ አለን? ጨዋታ ቀይሩ ነው የተባልነው። እሱ ከበደን!

አሁን አንድ ሰው ትዝ ብሏችኋል፤ ፊታችሁ ላይ አየዋለሁ። ከዚህ ስትወጡ ደውሉለት። "ምነው ጠፋህ?" አትበሉት፤ አልጠፋም። "የት ብንመጣ ይመችሃል?" በሉት። የሚነግራችሁ ቦታ ይርቃችሁ ይሆናል፤ ሂዱ። አይጥማችሁም ይሆናል፤ ሂዱ። በሕይወት ሳለ ሂዱ።