የስረ ገደል ሦስት ቅሎች

በአንድ ወቅት፣ ስረ ገደል በምትባል መንደር፣ ከበላይዋ የቆመው ገደል በቀትር ማጉረምረም ጀመረ አሉ። ሰዓቱ ወፍ እንኳ የማይጮኽበት፣ እናቶች ጋኔን እንዳይመታቸው ልጆቻቸውን ከደጅ የሚሰበስቡበት ሰዓት ነበር። አንዱ «እንደ ነጎድጓድ ነው» ሲል ጎረቤቱ «እኔም ሰምቻለሁ» ይላል። ሌላው መጥቶ «ንፋስ ነው» ሲል ደግሞ ያው ጎረቤት «ንፋስ ሳይሆን አይቀርም» ይላል።

የመንደሩ ጭቃ ሹም አዛናው ይህን ሲሰማ ጭንቀቱ ባሰበት። ገደሉ የሚናድ ከሆነ ሕዝቡን ወንዝ ማሻገር አለበት። ካልሆነ ደግሞ የደረሰ ገብስና የአባቶችን መቃብር በከንቱ ማስጣሉ ነው።

«ሰዉ የሚሰማው እርስ በርሱን እንጂ ገደሉን አይደለም» አለና ዘዴ አበጀ። ሦስት ሰዎች መርጦ ከገደሉ ሥር ጀርባቸውን አሰጣጥቶ ለየብቻ አስቀመጣቸው። ለእያንዳንዳቸው አንድ ቅልና ዐሥር ባቄላ ሰጠ።

«ድምፁ የበረታውን ያህል ባቄላ ጨምሩ። ጸጥ ካለ ምንም አትጨምሩ። እንዳትነጋገሩ» አላቸው።

አንደኛው መሪጌታ ድንቁ ነበሩ፤ ዜማ ሲያስተምሩ ያረጁ፣ ከተማሪው ሁሉ መካከል የሳተውን አንድ ድምፅ ለይተው የሚገሥጹ። ሁለተኛው ጓንጉል የሚባል አዳኝ ነው፤ ድኩላ ቅጠል ስትቀነጥስ ከማዶ ይሰማል ይባልለታል። ሦስተኛዋ እማማ እንጉዳይ፣ ከሩቅ አገር ተድረው የመጡ፣ ከሰው የማይቀላቀሉ ባልቴት ናቸው። አዛናው እርሳቸውን የመረጠው የማንንም ወሬ ስለማይከተሉ ነው።

በየቀትሩ ቅሎቹን እየገለበጠ ያይ ጀመር። የመሪጌታና የጓንጉል እንደ መንታ ነበሩ፤ ቢለያዩ በአንድ ባቄላ ነው። የእማማ እንጉዳይ ግን ሁልጊዜ የነርሱን ግማሽ ያህል ነው። መጀመሪያ ሊያሰናብታቸው አሰበ። ኋላ ሲያስተውል የሁለቱ ሲበዛ የርሳቸውም ይበዛል፤ የሁለቱ ሲቀንስ የርሳቸውም ይቀንሳል።

«መስፈሪያቸው አነስ ያለ ነው እንጂ የሚሰፍሩት እህል ያው ነው» አለ ለራሱ። ይህን ባለ ጊዜ ብርድ ብርድ አለው። በልቡ ባይስማሙለት ይመኝ ነበርና።

አንድ ቀትር የመሪጌታን ቅል ቢገለብጥ ባዶ ነው። የጓንጉልም ባዶ። የእማማ እንጉዳይን ሲገለብጠው ዐሥሩም ባቄላ መሬት ላይ ተበተነ።

«ዛሬ ጸጥ ብሏል። እግዚአብሔር ማረን» አሉ መሪጌታ።

የአዛናው ታላቅ ወንድም ፈለቀም ከሰዉ መካከል ሆኖ፣ «ሁለት ምስክር ከተስማማ ሌላ ምን ያሻል? አሮጊቷ ተሳስተዋል» አለ። ሰዉ ሁሉ እፎይ አለ።

አዛናው ግን ሄዶ ከእማማ እንጉዳይ ፊት ቁጢጥ አለ። «እማማ፣ ምን ሰምተው ነው?»

ከንፈሩን ትኩር ብለው አዩት። «ልጄ፣ እኔ አልሰማም። በልጅነቴ ኩፍኝ ጆሮዬን ወሰደው። ሰው ሲናገር ከንፈሩን ነው የማየው።»

«ታዲያ ባቄላውን በምን እያወቁ ሲጨምሩ ኖሩ?»

«በእግሬ ይመጣል። ወደ ጉልበቴ ይወጣል። ሙሉ ኃይሉን አላየሁትም ነበርና ዐሥሩን ለዚያ ስቆጥብ ቆየሁ። ዛሬ ጥርሴ ድረስ መጣ።» መዳፋቸውን መሬት ላይ አኑረው «አሁንም አልሄደም» አሉት።

ይህን ጊዜ ጓንጉል ፊቱ አመድ መስሎ ቀረበ።

«ጋሼ አዛናው፣ እኔ ገደሉን አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም።»

«ምን አልክ?»

«መሪጌታ ባቄላ ሲጥሉ ከቅላቸው ውስጥ ኳ ሲል እሰማለሁ። የሳቸውን እየቆጠርኩ የኔን እጥላለሁ። ጆሮ የለውም እንዳልባል ፈርቼ ነው። ዛሬ እሳቸው አልጣሉም፤ እኔም አልጣልኩም።»

ሁለት የመሰለው ምስክር አንድ ሆነ። አሁን የቀሩት አንድ የሚሰሙና አንድ የማይሰሙ ናቸው፤ የማይሰሙት ከማንም ሊቀዱ አይችሉም፤ ባቄላቸው ግን እስከ ትናንት ከመሪጌታ ጋር አብሮ ሲበዛ አብሮ ሲቀንስ ኖሯል። አዛናው ቢጫ የሆነውን ገብሱን አየ፤ ከዚያ «ተሻገሩ» ብሎ አዘዘ። መሪጌታ ባያምኑም ተማሪዎቻቸውን ይዘው ተሻገሩ። ፈለቀ ግን ማጭዱን እንደ ያዘ ቀረ። «ለደንቆሮ ብዬ ገብሴን ለዝንጀሮ አልሰጥም» አለ።

ጀምበር ሳትጠልቅ ከማዶ ሆነው አዩት። ገደሉ እንደ ደከመው ሰው ከወገቡ ታጥፎ ተቀመጠ። ለጆሮ የሚሰማ ድምፅ ግን አልነበረውም። ደንጊያው ሲወርድ እያዩ ምንም ስላልሰሙ ሁሉም የየራሱን ጆሮ ይነካ ነበር። መንደሯም፣ ገብሱም፣ ፈለቀም በአቧራው ውስጥ ጠፉ። በሁለት እጃቸው ጆሯቸውን ደፍነው የተንቀጠቀጡት እማማ እንጉዳይ ብቻ ነበሩ።

በአዲሱ አገር መሬት ሲከፈል፣ ከምንጩ አጠገብ ያለው ጥቁር አፈር ሕዝቡን ላተረፈው እንዲሰጥ ሽማግሎች ተስማሙ። ሦስቱም አዛናው ፊት ቆሙ።

«በመጨረሻው ቀን ስቻለሁ፤ አልክድም» አሉ መሪጌታ። «ግን ከዚያ በፊት በታማኝነት ባልሰፍር ኖሮ፣ የእማማ እንጉዳይ ባቄላ የአሮጊት ቅዠት ነበር። የርሳቸውን እውነት ያወቅኸው ከኔ ጋር አስተያይተህ ነው።»

ጓንጉል አንገቱን ደፋ። «ውሸታም ነኝ። ብዋሽም ግን ውርደቴን ለሰው ሁሉ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ዝም ብል ኖሮ ሁለት ለአንድ ሆኖ ሁላችሁም እዚያ ትቀሩ ነበር።»

አዛናው ወደርሱ ዞረ። «አንድ ቀን ቀደም ብለህ ብትነግረኝ ወንድሜ በሁለት ምስክር ባልተማመነ» አለው።

እማማ እንጉዳይ ሌሎቹ የሚሉትን ከከንፈራቸው ሲለቅሙ ቆይተው በመጨረሻ፣ «እኔ ስለ መዳናችሁ አላሰብኩም። የመጣብኝን ብቻ ጣልኩ። ዐሥሩን የጣለው ግን የኔ እጅ ነው» አሉ።

አዛናው እስኪሞት ድረስ አልፈረደም፤ ያም መሬት ማረሻ ሳይነካው ጦም አደረ ይባላል። እናንተስ፣ እዚህ የተቀመጣችሁ፣ ያንን ጥቁር አፈር ለማን ትሰጡት ነበር? ማስተያያ ለሆኑት መሪጌታ፣ ውሸቱን ላጋለጠው፣ ወይስ ሳይሰሙ ለሰፈሩት?