ሊመርቅ ተነስቶ የተሳደበው ጅብ

አንድ ጊዜ አራዊት በጫካው መሃል የከፈቱት ዩኒቨርሲቲ ነበረ። የግቢው ሕግ አንድ ብቻ ነው፤ ተማሪ ከተማሪ መበላላት ክልክል። ስለዚህም አዲስ የገባው አያ ጅቦ ከአህያ ጋር አንድ ዶርም ደረሰው። መቼም ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ይላል ይባላል፤ የእኛው ግን ከገጠር የመጣ ዓይናፋር ነበር። በመጀመሪያው ጠዋት ካፌ ገብቶ «እንደምን አደራችሁ፣ ወገኖቼ» ቢል ካፌው በሳቅ አውካካ።

ሁለተኛ ዓመት የደረሰችው ብልጧ ቀበሮ ጎኑ መጥታ ተቀመጠች።

«ስማኝ አያ ጅቦ፣ እንዲህ እየተሽቆጠቆጥክ ፋራ ተብለህ ልትቀር ነው። እዚህ በስድብ ያልታጀበ ቃል ሰሚ የለውም።»

«እናቴ ብትሰማስ?»

«እናትህ እኮ እዚህ አልተመደበችም።»

አያ ጅቦ በጥቂት የሚበቃው ፍጥረት አይደለም፤ ስድቡንም እንደ ሥጋ ተስገበገበበት። ጨው ሲፈልግ «ጨው አምጣ፣ ደነዝ»፤ ደብተር ሲዋስ «ወዲህ በለው፣ ከብት» ሆነ ንግግሩ። ከሁሉ አብልጦ የሚወዳት ግን «አንተ አህያ» የምትለዋን ነበር። ዶርም ውስጥ ይህችን በወረወረ ቁጥር ያ የዋህ አህያ ከመጽሐፉ ቀና ብሎ «አቤት» ይላል። አያ ጅቦ ያፍራል፤ ግን ፋራ መባሉን ሲያስብ ጭራሽ ይብስበታል።

የፈተና ሰሞን ሲቃረብ የግቢው ፕሬዚዳንት አንበሳ ለሥጋ በሎች የሰባ ሰንጋ፣ ለሣር በሎች ለምለም ሣር አስቀርቦ ተማሪውን ሁሉ ሰበሰበ። በግቢው ወግ ሳይመረቅ ቢላ አይነሳም። የሚመርቀው ከአዲሶቹ አንዱ ነው፤ አሳምሮ ለመረቀም ሻኛው የእሱ ነው።

«ማን ይመርቃል?» አለ አንበሳ።

አያ ጅቦ ዓይኑን ሻኛው ላይ ተክሎ፣ ለሐጩን ጠርጎ ብድግ አለ። «ዓመት ዓመት ያድርሰን» ብሎ ጀመረ፤ አፉ ለምዶበታልና «እናንተ ደነዞች፣ ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ፣ ከብቶች ሁላ» ብሎ ቀጠለ።

አንበሳ አገሳ። «ይሄ ምርቃት ነው ወይስ እርግማን?»

«ይቅርታ ጌታዬ፣ አፌን አዳልጦኝ ነው። በሰላም ያኑራችሁ፣ እናንተ የማትረቡ…» አለና አፉን በመዳፉ ያዘ።

ቀበሮ ወጉን ሳትጠብቅ ዘላ ተነሳች። «ፍቅር ይስጣችሁ፣ ፉንጋ ሁላ» ብላ እሷም አረፈችው። ዝንጀሮም ሞከረ፣ ነብርም ሞከረ፤ ስድብ ያልገባበት ምርቃት ከግቢው ጠፋ።

«በሉ እንግዲያው፣ የሚመርቅ ከሌለ ሰንጋውን ጥንብ አንሳዎች ይውሰዱት» አለ አንበሳ። ዛፉ ላይ የነበሩት ጥንብ አንሳዎች ይህን ሰምተው መውረድ ጀመሩ።

አያ ጅቦ ግን ዓይኑን ከሻኛው ላይ መንቀል አቃተው። ይሄኔ አህያ ጠጋ አለና «ወንድሜ፣ ልትሳደብ ስትል ልብህ ውስጥ ያለው ምንድን ነው? ስድቡን ተወውና እሱን ተናገር» አለው።

አያ ጅቦ ብዙ አሰበ። ማሰብ ደግሞ ለጅብ ቀላል ሥራ አይደለም። «ፍርሃት ነው» አለ በመጨረሻ። «ፋራ እንዳትሉኝ ፈርቼ ነው የምሳደበው። አንድ ቀን እንኳ ደስ ብሎኝ አያውቅም።»

ቀበሮ መሬት መሬት እያየች «እኔም እኮ ዝንጀሮን ፈርቼ ነው» አለች።

«እኔ ደግሞ ነብርን» አለ ዝንጀሮ።

ሁሉም ወደ ነብር ዞሩ። «እኔ ማንንም አልፈራም» አለ ነብር ተቆጥቶ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የሒሳቡን ፈተና ብቻ» አለ።

ሳቁ ጫካውን ሞላው። አያ ጅቦም በሳቁ መሃል ልቡ ቀለለውና እንዲህ ብሎ መረቀ፦ «እርስ በርስ ከመፈራራት ያውጣን። ለነብር ፈተናውን ያቅልልለት። የተራበ ሁሉ ይጥገብ፣ ከእኔ ይጀምር።»

«አሜን» አለ ግቢው ሁሉ። አንበሳ እየሳቀ ሻኛውን ቆርጦ ሰጠው፤ አያ ጅቦም ሌላው ቢላውን ሳያነሳ ዋጠው። ስድብ በአንድ ጀንበር አልጠፋም፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ አንዱ ሲያመልጠው ጓደኛው «ዛሬ ደግሞ ማንን ፈራህ?» ይለዋል፣ ተሳዳቢውም ስቆ የልቡን ይናገራል።

ከዚህ የምንማረው ስድብ የሚበዛው ሁሉም ጓደኛውን ፈርቶ ፍርሃቱን ሲደብቅ መሆኑንና፣ አንዱ ደፍሮ የልቡን በቀና ቃል ቢናገር የሌሎቹም አንደበት እንደሚፈታ ነው።