የውሰት አያት

አንድ ሰው ነበረ፤ ሞጣ የሚኖር ኮርቻ ሰፊ። ቆይ፣ መጀመሪያ ደብተርህን አስቀምጠው። ጥያቄህን ሰምቻለሁ። የቅድመ አያትህን ኑሮ ከከተማ ከተማ እየተከተልክ ስትጽፍ አንድ ቦታ ላይ ክፉ ነገር ሰማህ። አሁን «ልተወው ወይስ የሚያምር ነገር ልጻፍለት?» ትለኛለህ። ፊትህም አመድ መስሏል። ስማኝና ከዚያ የፈለግከውን ታደርጋለህ።

ኮርቻ ሰፊው አንዲት ሴት ልጅ ነበረችው። ታጨች፤ እጮኛዋንም ወዳዋለች። ወጋችንን ታውቃለህ፤ ሁለቱ ወገኖች ሽማግሌ ፊት ተቀምጠው እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። ከሰባት በታች ከተገናኙ ጋብቻ የለም። ቆጥሮ መጨረስ ያቃተውም አይድርም። ሰውየው ደግሞ የሚያውቀው እስከ አያቱ እስከ ወንዴ ድረስ ብቻ ነው። ወንዴ በመሳፍንቱ ዘመን መጨረሻ ጓዙን ተሸክሞ ሞጣ የገባ ሰው ነው። የማን ልጅ ነህ ሲሉት ዝም ይል ነበር አሉ። ጀርባውንም ለበር ሰጥቶ በልቶ አያውቅም።

ቆጠራው ወር ሲቀረው ሰውየው በቅሎውን ጭኖ ተነሣ። አባይን ተሻግሮ ደብረ ታቦር ገባ። እዚያ አንድ ያረጁ ኮርቻ ሰፊ ስለ ወንዴ ከአባታቸው የሰሙትን ነገሩት፤ እጁ የተባረከ ነበር፣ ግን የኢፋግ ነጋዴዎች ገበያ ላይ የታዩ ዕለት የጀመረውን ሥራ ጥሎ ጠፋ አሉት። ሰውየው መመለስም አሰበ፣ ግን ልጁን አስታወሰና ወደ ኢፋግ ሄደ።

ኢፋግ ላይ አንድ መነኩሴ አገኘ። እሳቸውም ማንነቱን ሳይጠረጥሩ ነገሩት። ከዚህ የሸሸው ኮርቻ ሰፊ ስሙ ወንዴ አይደለም፣ ቢተው ነው፣ የጓንጉል ልጅ። በገበያ ቀን በአንድ ኮርቻ ተጣልቶ ሰው በጩቤ ወግቶ ገደለ። የጓንጉልንም አባቶች እስከ ላይ ቆጠሩለት። የሟቹ የልጅ ልጆች ዛሬም አሉ፣ ከቢተው ዘር አንድ ሰው ባገኘን ይላሉ አሉት። ከዚያ ፊቱን ትኩር ብለው አዩና «አንተስ የማን ነህ?» አሉት።

«መንገደኛ ነኝ» አለ። መጫኛውን እንኳ በቅጡ ሳያስር በቅሎውን እየጎተተ ወጣ።

ሲመለስ መንገዱን ሁሉ አሰበ። ቢተው የሚለውን ስም በሰው ፊት ከጠራሁ ነጋዴ ወሬውን ሳምንት ሳይሞላ ኢፋግ ያደርሰዋል፤ መጥተው ይገድሉኛል አለ። ደብረ ታቦር ሲደርስ ቤተ ክርስቲያን ተሳለመ። እዚያ አለቃ ዘወንጌል ስለሚባሉ የድሮ መምህር ሲወራ ሰማ፤ በረሃብ ዘመን ጎተራቸውን ለደሃ የከፈቱ ሰው ናቸው። የወንዴ አባት እኚህ ቢሆኑ ማንን ይጎዳል አለ። አባቶቻቸውን ጠያይቆ አጠናና አገሩ ገባ።

የቆጠራው ቀን ደረሰ። ሰውየው ራሱን አንድ ብሎ፣ አለቃ ዘወንጌልን አራተኛ አድርጎ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ቆጠረ። ተራው የሙሽራው አያት ሆነ። የሙሽራውን አባት አንድ፣ ራሳቸውን ሁለት፣ አባታቸውን ሦስት ብለው አራተኛው ላይ ቆም አሉ። «አለቃ ዘወንጌል» አሉ።

ለካ እሳቸው የአለቃው እውነተኛ የልጅ ልጅ ኖረዋል! ተነሥተው አቀፉት፣ ሳሙት። ዘመድ ተገኘ ተባለ፤ ቤቱ በደስታ ተናወጠ። ጋብቻው ግን ቀረ። ልጅቷ ከመጋረጃው ጀርባ ቆማ ነበር። ሰውየው በመጋረጃው ሥር እግሯን ያያል። ቀስ ብላ መሬት ላይ ስትቀመጥ አየ።

በሩን አየ።

«ዋሽቻለሁ» አለ። «አያቴ ቢተው ነው፣ የጓንጉል ልጅ። ኢፋግ ላይ ሰው ገድሎ የሸሸ።»

ቆጠራውን የሚሰሙት ሽማግሌ ቀና ብለው፣ «ጓንጉልስ የማን ልጅ ነው?» አሉት። እስከ ሰባት ቆጠረ። የትም አልተገናኙም።

የሙሽራው አያት ተቆጡ፤ በከንቱ አሳምከኝ አሉት። ቆይተው የሟቹ ወገኖች አውቀውት እንደሆነ ጠየቁት። ገና ነው አላቸው። «እንግዲያው ከሌላ ሰው ከመስማታቸው በፊት ሽማግሌ ይዘን እኛው እንሄዳለን» አሉ። «የልጅ ልጄ ልጅህን ካገባ ፍርሃቱ የእኔም ነው።» እርቁ ሦስት ዓመት ፈጀ። ሰውየው ከዚያም በኋላ በር በር ማየቱን አልተወም፤ ይህን አልዋሽህም።

አየህ፣ አንተም እንደዚያ ኮርቻ ሰፊ ነህ። ቅድመ አያትህን አውጥተህ በቦታው ደግ ሰው ብታስቀምጥ፣ ልጆችህ በዚያ ስም ይቆጥራሉ፤ የማታውቀውን በር ትዘጋባቸዋለህ። ፈርተሃል፤ ፍራ። እየፈራህ ጻፈው፣ ጽፈህም ብቻህን አትያዘው፣ ለእኔ አንብብልኝ። እኔ አልሸሽህም። ያቺ ከመጋረጃ ጀርባ የነበረችው እናቴ ናት፤ በእሷ በኩል ስቆጥር ቢተው አራተኛዬ ነው። በል፣ ደብተርህን ክፈት።