ሐጂ ጀውሃር በራሳቸው ላይ የዘጉት መጋዘን

የቆላና የደጋ ነጋዴ በሚገናኝባት አንዲት የጥንት ከተማ ሐጂ ጀውሃር የሚባሉ ነጋዴ ይኖሩ ነበር፤ አላህ ይዘንላቸው። ከገበያው በላይ ያለው የድንጋይ መጋዘናቸው የእሳቸው ሸቀጥ ብቻ የሚቀመጥበት አልነበረም። መንገደኛ ነጋዴ ሁሉ እቃውን በአማና ያስቀምጥበታል። ቁልፉ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከሐጂው አንገት አይለይም።

አንድ ዓመት ሱሩር የተባለ ነጋዴ ብዙ ጆንያ ቡና አደራ ሰጥቷቸው ወደ ቆላ ወረደ። ወራት አለፉ። ከዚያ በንዳድ ታሞ መሞቱ ተሰማ። ወንድሙ ሙክታር ከገጠር መጥቶ፣ ለቅሶው ሲያበቃ አህዮቹን እየነዳ ወደ መጋዘኑ ሄደ።

«ሐጂ፣ የወንድሜን ቡና ልወስድ ነው። እናት አባታችን ሞተዋል፤ እሱም ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። ከእኔ ሌላ ማን አለው?»

«አላህ ያጥናህ ልጄ። ያልከው እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ሱሩር ቆላ ብዙ ዘመን ነግዷል። እዚያ ማን እንዳለው አንተም እኔም አናውቅም። ቃዲው ወራሹን እስኪለዩ በሩ አይከፈትም።»

«እንግዲያው ገብቼ ልየው ብቻ።»

«ማየትም መግባት ነው» አሉት።

ሐጂው የዚያኑ ዕለት ዐስርን ሰግደው እንደወጡ ቁልፉን ከአንገታቸው አውልቀው ለቃዲው ሰጡ። ቃዲው ተገረሙ።

«የሌሎቹ ነጋዴዎች አደራስ ተነሥቷል፤ የእርስዎ ጨውና አቡጀዲ ግን እዚያው ውስጥ አይደል? በምን ሊነግዱ ነው?»

«ለራሴ እቃ ብዬ በገባሁ ቁጥር የሟቹን አማና አለመንካቴን ማን ይመሰክርልኛል? ነፍሴስ ብትፈትነኝ? እኔም ከውጭ ልሁን።»

ቃዲው በነጋዴዎች በኩል ወደ ቆላ መልእክት ላኩ። ነገር ግን ክረምቱ ገባ፣ ወንዞች ሞሉ፣ ከቆላ የሚመጣ ሰው ጠፋ። ሐጂ ጀውሃር ባዶ ሱቅ ውስጥ ተቀመጡ። ደንበኛው ወደ ሌላ ሄደ። በገበያውም «ሽማግሌው የሙት ገንዘብ ሊበሉ ነው» የሚል ሐሜት ተነዛ። ይህ ከማጣቱ ይልቅ አንገበገባቸው፤ ግን ለማንም አልመለሱም።

ዒድ ሲቃረብ ባለቤታቸው ረውዳ፣ «አንቱ፣ ዱቄቱ እያለቀ ነው። የገዛ እቃችን ከግንቡ ወዲያ ተቀምጦ እንዲህ እንቸገር?» አለቻቸው።

«ረውዳ፣ ችግሩ ያልፋል። የሰው ሐቅ ግን ዱንያ ላይ ባይጠየቅ አኺራ ላይ ይጠብቀኛል።»

እሷም በማግስቱ እንዝርቷን አውጥታ ለገበያ የሚሆን ፈትል መፍተል ጀመረች።

ሙክታር ግን ትዕግሥቱ አለቀ። በአንድ የገበያ ቀን ዘመዶቹን አስከትሎ፣ መጥረቢያ ይዞ መጣ። ሐጂው ይህን ሲያዩ ሄደው የመጋዘኑ ደፍ ላይ ተቀመጡ፤ ጀርባቸውን ለበሩ ሰጡ።

«ይነሱልኝ ሐጂ። ሽማግሌ መግፋት አልፈልግም።»

«ሙክታር፣ ዛሬ በጉልበት ከገባህ፣ የራስህ ድርሻ እንኳ ሐላል መሆኑን በምን ታውቃለህ? ያንተ ከሆነ አይጠፋብህም። እስከዚያው እኔ እዚህ አለሁ።»

ሙክታር መጥረቢያውን ዝቅ አደረገ። ዘመዶቹን «እንሂድ» አላቸውና ሳይሰናበት ሄደ።

ወንዞቹ ጎደሉ። ከቆላ ከመጡት የመጀመሪያ ነጋዴዎች ጋር አንዲት ሴት ትንሽ ልጇን በበቅሎ ላይ አስቀምጣ ደረሰች። የሱሩር ሚስት ነበረች፤ ልጅቷም የሱሩር። ኒካሓቸውን የታደሙ ሽማግሌዎች በቃዲው ፊት መሰከሩ። ቃዲውም በሸሪዓው መሠረት ለሚስትየዋ ስምንተኛውን፣ ለልጅቷ ግማሹን፣ ቀሪውን ለወንድሙ ፈረዱ። በሩ በሁሉም ፊት ተከፈተ፤ ጆንያዎቹ ሱሩር እንደደረደራቸው ነበሩ።

ሙክታር የልጅቷን ፊት ሲያይ የወንድሙን ግንባርና ቅንድብ አየ። እንባው መጣ።

«ሐጂ፣ ያን ቀን ቢነሱልኝ አባት የሌላትን የየቲም ሐቅ በልቼ ነበር። አውፍ ይበሉኝ።»

«አውፍ ብያለሁ። አሁን የወንድምህን ልጅ ተቀበላት።»

ሙክታር ልጅቷን ከበቅሎዋ አውርዶ አቀፋት። የእሷን ድርሻ አስቀድሞ ጫነላት፤ የራሱን ኋላ ተመልሶ ወሰደ።

ቃዲው ቁልፉን ለሐጂው ሲመልሱ፣ «ያን ሁሉ ጉልበትና ሐሜት እንዴት ቻሉት?» ብለው ጠየቁ።

«አስቀድሜ በራሴ ላይ ዘጋሁት፤ ከዚያ በሌላው ላይ መዝጋቱ አልከበደኝም» አሉ።

ወገኖቼ፣ ዛሬ ለሱቃችን ዘበኛ እንቀጥራለን፣ የብረት በር እናስገጥማለን። መልካም ነው፤ ሰበብ ማድረስ በአላህ ከመመካት፣ ከተወኩል፣ አይቃረንም። ግን ያለ ፈቃድ የሚገባ ሁሉ ግንብ የሚሰረስር ሌባ አይደለም። «ዘመድ ነኝ» ብሎ የሚገባ አለ፤ «የገዛ ቤቴ ነው» ብሎ የሰው አማና መሐል የሚመላለስ አለ። ሐጂ ጀውሃር ይህን አወቁና ከራሳቸው ጀመሩ። የተዘጋ በር ላየው ሰው ጭካኔ ይመስላል። ያ በር ግን የተዘጋው ገና መንገድ ላይ ላለች፣ በከተማዋ ስሟን የሚያውቅ አንድ ሰው እንኳ ለሌላት ልጅ ነበር።