ሸኽ ከራማትና የትከሻው ቋጠሮ

በቤንጋል ምድር፣ ወንዝ በየክረምቱ ዳርቻዋን በሚገምስባት በአንዲት ጥንታዊ ከተማ፣ ሸኽ ከራማት የሚባሉ አላህን ፈሪ ሽማግሌ ነበሩ። ሥራቸው ከዘንባባ ቅጠል አሻንጉሊት መሥራት ነበር፤ ዐይንና አፍ የማይሳልበት፣ የቀርከሃ ዘንጉን ሲያሾሩት እጅና እግሩን እያወናጨፈ የሚጨፍር ትንሽ ወታደር። ፕላስቲክ ገበያውን ከወረሰ ወዲህ ሙያው ከእሳቸው በቀር ባለቤት አልነበረውም።

ምስጢሩ ያለው በአሻንጉሊቱ ትከሻ ቋጠሮ ላይ ነው። ከጠበቀ ክንዱ አይንቀሳቀስም፤ ከላላ ይወልቃል። ሸኽ ከራማት በልጅነታቸው ወላጅ አልባ የቲም ሆነው የተጠጓቸው፣ በዝሉር የሚባሉ ባለሙያ፣ ቋጠሮውን ለገዛ ልጃቸው ብቻ ነበር ያቆዩት። ከራማትን ቅጠል አስፋቋቸው፣ ቀርከሃ አስፈለጧቸው፤ መቋጠሪያው ሲደርስ ግን «ውሃ ቅዳ» ብለው ያስወጧቸዋል። አንድ ቀን ከራማት ያለቀ አሻንጉሊት ሲፈቱ ቢያገኟቸው፣ በዝሉር በቀርከሃ ጣታቸውን ሰበሩት። ጣቱ ተጣሞ ቀረ። ከራማት ቋጠሮውን ያገኙት ከዓመታት በኋላ፣ ብቻቸውን፣ ስንት ቅጠል አበላሽተው ነው። ስለዚያ ቤት ከባለቤታቸው በቀር ለሰው አውርተው አያውቁም። የበዝሉር ልጅ ደግሞ ሙያውን ንቆ ፋብሪካ ገባ፤ ሳይማረውም ሞተ።

አንድ ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ ዲዳር የሚባል ጎልማሳ ደጃቸው ቆመ።

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ ሸኽ። የበዝሉር የልጅ ልጅ ነኝ። የአያቴ ሙያ ከቤታችን ጠፍቷል። መልሰን ልናስነሳው የተሰባሰብን ሰዎች አለን፤ የሚያስተምረን ግን አጣን።»

ባለቤታቸው ሱፊያ ከጓዳ ሆነው፣ «ያስተምሩት እንጂ! ቅጠል መፋቅ ብቻ። ለአንቱስ የተሰጠው እሱ አይደል?» አሉ።

ሸኹ ዲዳርን አስገብተው ቅጠሉን ቆረጡ፣ ክንዱን ከትከሻው ገጠሙ፣ ክሩን አነሱ። ከዚያም ቀና ሳይሉ፣ «ውሃ ቅዳ» አሉት።

ዲዳር እንስራውን አንስቶ ወጣ። ሸኹ ክሩን እንደያዙ ደረቁ። ቃሉ የማን እንደሆነ አወቁት።

«አስተግፊሩላህ!» አሉ። «ዲዳር! ተመለስ፤ እንስራውን ተወው።»

ፊት ለፊት አስቀመጡት። ቀስ ብለው ቋጠሩ፤ ፈቱት፤ ደግመው ቋጠሩ። ከዚያ ክሩን ሰጡት። የመግሪብ ሶላት ሳይደርስ ወታደሩ በዲዳር እጅ ጨፈረ። ጎልማሳው ሳቀ፤ ዐይኑ ግን እንባ አቅርሯል።

«አያቴም ለአንቱ እንዲህ ነበር ያሳዩት?»

ሱፊያ ከጓዳ ብቅ አሉ። ሸኹ የተጣመመ ጣታቸውን በእጅጌያቸው ሸሸጉ።

«ይህን ሥራ የወደድኩት በእሳቸው ቤት ነው። አላህ ይዘንላቸው።»

ሱፊያ ባላቸውን ትንሽ ተመለከቱ። «አሚን» ብለው ገቡ።

ሲለያዩ ሸኹ እንዲህ አሉት፦ «ለመጣ ሁሉ አሳይ። ጀርባ ተሰጥቶ የተቋጠረ፣ ባለቤቱ ሲሞት ይፈታል።»

ወንድሞቼ፣ ዕውቀት አማና፣ አደራ ነው። በዝሉር ለልጃቸው ብለው የደበቁት ለልጃቸው እንኳ አልደረሰም፤ ለልጅ ልጃቸው የደረሰው በከለከሏቸው ሰው እጅ ነው። የሸኹ ፈተና ግን ከቂም የከበደ ነበር። ቂምን ሰው ያውቀዋል፤ ይታገለዋል። የተደረገብን ክፋት ግን ልማድ መስሎ ምላሳችን ላይ ይቀመጣል፤ ሳናስበው ለሌላው እናጎርሰዋለን። ሸኹ የገዛ ድምፃቸውን ሰምተው ደነገጡ። ያንን ድንጋጤ አላህ አይንሳን።