ቀላል ጠመንጃ የፈለገችው ትጓደድ

ልንገራችሁ ወይ? «ንገረን» በሉ። ጮክ ብላችሁ በሉ እንጂ! በግማሽ አፍ ለሚመልስ ሰው ተረት አላባክንም። አዎ፣ እንደዚያ። እንግዲያው ስሙ።

ከወንዙ ማዶ፣ ገደል አፋፍ ላይ፣ ትጓደድ የምትባል ሴት ነበረች። ቁመቷ አጭር፣ ክንዷ ቀጭን፣ ምላሷ ግን ለማንም የማይመለስ። ባሏ ሞቷል። ሁለት ሴት ልጆች አሏት። ያላት ሀብት ዳገቱ ላይ የዘራችው አምስት እርከን ማሽላ ብቻ ነው። ማሽላው ቤት ከገባ ዓመቱን ይበላሉ። ካልገባ ልጆቿን ሰው ቤት ልታስገባ ነው። ይኸው ነው ነገሩ።

ማሽላው ሊታጨድ ሳምንት ሲቀረው ከርከሮ መጣ። ጥርሱ እንደ ማጭድ የታጠፈ አንድ አውራ ከነመንጋው ንጋት ላይ ገብቶ አንዱን እርከን አጋደመው። ትጓደድ የአባቷን ውጅግራ ጠመንጃ ይዛ ሮጠች። ውጅግራው አሮጌ ነው፣ ረጅም ነው፣ ከባድ ነው። ሰደፉን ትከሻዋ ላይ ስታስደግፍ አፈሙዙ መሬት ያያል፤ አፈሙዙን ስታነሳ ሰደፉ ከትከሻዋ ያመልጣል። እሷ አንስታ አነጣጥራ ሳትጨርስ ከርከሮው ጠግቦ፣ ጅራቱን አቁሞ ሄደ። ሲሄድ ዞር ብሎ አየኝ ትላለች፤ እኔ አምናታለሁ።

እንግዲህ ትጓደድ የፈለገችው አንድ ነገር ነው። ቀላል ጠመንጃ።

ውጅግራውን አንግታ ጠመንጃ ሠሪው ምናሉ ዘንድ ወረደች። ምናሉ ግድግዳው ላይ ሦስት ጠመንጃ ሰቅሏል። አንደኛውን አወረደች፤ ከአባቷ ውጅግራ አይሻልም፣ መለሰችው። ሁለተኛው ምንሽር ነው፤ ደህና ነው፣ ግን ይዛው ዳገት ብትወጣ ከላይ ስትደርስ ትንፋሽ አይኖራትም፣ መለሰችው። ሦስተኛዋ አጭር ናት፤ ሰደፏ ዋንዛ፣ ማንገቻዋ ጠፍር። አነሳቻት፣ አነጣጠረችና እስከ ሃያ ቆጠረች። አፈሙዟ አልተነቃነቀም።

«ይቺ ናት! ውጅግራውን ውሰድና ይቺን ስጠኝ» አለች።

ምናሉ ደነገጠ። «እቴ ትጓደድ፣ እሷማ ቀላል ናት።»

«ቀላል ነው እኮ ያልኩህ!»

«ቀላል ጠመንጃ ይራገጣል።»

«ይርገጠኝ! በቅሎም ረግጣኝ ታውቃለች፤ ቆሜ አይደል የምታየኝ?»

ምናሉ አንገቱን አከከ። «እሱስ ይሁን። ሰው ግን ምን ይላል? የትልቅ ሰው ልጅ ቀላል ጠመንጃ ያዘች፣ ቀላል ሰው ሆነች ይላል። ምናሉ አቀለላት ይሉኛል። አጎትሽ አያ ስንሻው ካልፈቀዱ አልሰጥም።»

አያችሁት? ቋንቋችን ጉድ ሠራት። ከባድ ሰው ስንል የተከበረ ማለታችን ነው፤ ቀላል ሰው ስንል ደግሞ የማይረባ። ትጓደድ ስለ ክንዷ ታወራለች፣ እነሱ ስለ ክብሯ ይሰማሉ። አባቷ በሞተበት ዓመት እንኳ ለክብሯ እንዲህ የተጨነቀ ሰው አልነበረም!

በማግሥቱ ንጋት ሁለተኛው እርከን ተበላ። ትጓደድ ውጅግራውን አንግታ አጎቷ ዘንድ ሄደች። «አያ ስንሻው፣ ምናሉን ስጣት ይበሉልኝ። ከርከሮው ከማሽላው አልወጣ አለ፣ ከባዱ ከትከሻዬ አልቆም አለ፣ ምናሉ ቀላሉን አልሰጥ አለ!»

አያ ስንሻው ከበራቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። «አንቺ ልጅ» አሉ፣ «ወንድሜ ከባድ ሰው ነበር። የከባድ ሰው ቤት ውስጥ ቀላል ነገር አይገባም!»

«እንግዲያው እርስዎ በከባዱ ማሽላዬን ይጠብቁልኝ።»

«ወገቤን ያመኛል» አሉ አያ ስንሻው፤ በእጃቸውም ወገባቸውን ያዙ፣ ሳያምም እንዳይቀር። «ስለ ጠመንጃ የሚያውቁት ባሻ ጥጋቡ ናቸው። ባሻ ካልተናገሩ እኔ አልፈቅድም።»

ትጓደድ ያን ቀን ቤቷ አልገባችም። ውጅግራውን እንዳነገተች ባሻ ጥጋቡ ዘንድ ወጣች። ባሻ የድሮ አዳኝ ናቸው። አንድ ጎሽ ገድለዋል፤ ያ ጎሽ እሳቸው ባወሩት ቁጥር ያድጋል፣ አሁን ቤት ያክላል። «ባሻ፣ አጎቴን ይንገሩልኝ! ከርከሮው ከማሽላው አልወጣ አለ፣ ከባዱ ከትከሻዬ አልቆም አለ፣ ምናሉ ቀላሉን አልሰጥ አለ፣ አጎቴ አልፈቅድ አሉ!»

«እኔ ጎሹን የጣልኩት» አሉ ባሻ፣ «በእንዲህ ያለ ከባድ ጠመንጃ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ በረሃ ለበረሃ ስከተለው፣ ጠመንጃውን አንድ ጊዜ እንኳ መሬት አላስነካሁም።»

«ሦስት ቀን ሙሉ ተሸክመውት?»

«እኔማ አይደለሁም፣ ተሸካሚ ነበረኝ።»

ትጓደድ ከራስ እስከ እግር አየቻቸው። እናንተም እስኪ እዩዋቸው።

«እኔ ተሸካሚ የለኝም፣ ባሻ» አለች።

«እሱ ሌላ ነገር ነው» አሉ ባሻ። «ደግሞ ይሄ ጠመንጃ በመምሬ ንብረት እጅ ጠበል የተረጨ ነው። መምሬ ካልመከሩኝ እኔ አልናገርም።»

በማግሥቱ ሦስተኛው እርከን ተበላ፤ ከአራተኛውም ግማሹ። ትንሿ ልጇ «እማዬ፣ ሰው ቤት የምንገባው መቼ ነው?» ብላ ጠየቀቻት። ትጓደድ ውጅግራውን አንግታ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ መምሬ ንብረት ደጅ ቆመች። «አባቴ፣ ባሻን ይምከሩልኝ! ከርከሮው ከማሽላው አልወጣ አለ፣ ከባዱ ከትከሻዬ አልቆም አለ፣ ምናሉ ቀላሉን አልሰጥ አለ፣ አጎቴ አልፈቅድ አሉ፣ ባሻ አልናገር አሉ!»

መምሬ ጺማቸውን ዳሰሱ። «ልጄ፣ ጠመንጃ ያው ጠመንጃ ነው፣ እኔ ምን አገባኝ። ቀላል የሚለው ቃል ነው ያልጣመኝ። ሰው ከባድ ሲሆን ነው ደስ የሚለው።»

«ማሽላው ካለቀ እኔም እቀላለሁ፣ አባቴ። ልጆቼም ይቀላሉ። ንፋስ ነው የሚወስደን።»

መምሬ ትንሽ አፈሩ። ትንሽ ብቻ። «እናቴ የአባትሽ የክርስትና እናት ናቸው» አሉ። «እማሆይ ካላዘዙኝ እኔ አልመክርም።»

በማግሥቱ አራተኛው እርከን ባዶ ሆነ። አንድ ቀረ። ትጓደድ ከዚያ ወዲያ ለመለመን አልወጣችም፤ ለመጣላት ወጣች። እማሆይ ወለተ ሃና ከልጃቸው ከመምሬ ቤት ጀርባ ባለች ጎጆ ውስጥ ጥጥ ይፈትላሉ። ዕድሜያቸውን የሚያውቅ የለም፣ አብሮ አደጎቻቸው አልቀዋል። ትጓደድ ገባችና ውጅግራውን እግራቸው ሥር ዘረጋችው።

«እማሆይ፣ አልለምንዎትም! ልመና ሰለቸኝ። ከርከሮው ከማሽላው አልወጣ አለ፣ ከባዱ ከትከሻዬ አልቆም አለ፣ ምናሉ ቀላሉን አልሰጥ አለ፣ አጎቴ አልፈቅድ አሉ፣ ባሻ አልናገር አሉ፣ መምሬ አልመክር አሉ። እርስዎም አላዝም ይበሉና ይለይልኝ! ነገ በድንጋይ እወጣለሁ። በጥርሴም ቢሆን እወጣለሁ!»

እማሆይ እንዝርታቸውን አስቀመጡ። «ማነው ከባድ ነው ያለው?»

«ሁሉም።»

«ማን ማን አነሳው?»

ትጓደድ አሰበች። አራት ቀን ሙሉ፣ በአራት ደጅ፣ ጠመንጃው ከእሷ ትከሻ ወርዶ አያውቅም። «ማንም» አለች።

«አምጪው እስኪ» አሉ እማሆይ። ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ሊያነሱት ሞከሩ፣ አልተነሳም። በሁለት እጃቸው ያዙት፣ አንድ ጫፉ ተነሳ። «ይሄን ይዘሽ ነው ዳገት ላይ የምትሮጪው?»

«ይሄን ይዤ።»

«አባትሽ እኮ» አሉ እማሆይ፣ «በዚህ በር ጎንበስ ሳይል ገብቶ አያውቅም። ትከሻው ሁለት ሰው ያስቀምጥ ነበር። ይሄን ጠመንጃ የመረጠው በጣቱ አንጠልጥሎ፣ ስለቀለለው ነው! ለሱ ቀላሉ ይሄ ነበር። አንቺም ለራስሽ ቀላሉን ምረጪ። አንሺኝ!»

ተነሱ። ውጅግራውን በትጓደድ አስነስተው ትከሻቸው ላይ አጋደሙት። ወጡ። ወደ ምናሉ የሚወርደውን መንገድ ያዙ። ትጓደድ ልትቀበላቸው እጇን ዘረጋች፤ «ዞር በይ፣ አራት ቀን ተሸክመሻል» ብለው ገፈተሯት።

ልጆቼ፣ ትልቅ ሰው ተሸክሞ ሲሄድ ዝም ብሎ የሚያይ በኛ አገር ሰው አይባልም። መምሬ ንብረት እናታቸውን አዩ፣ ጫማቸውን ሳያደርጉ ሮጡ። «እናቴ፣ ምን ሆነው ነው? አምጡት!» ተቀበሉ። ሃያ እርምጃ ሄዱ፣ ላብ በግንባራቸው ወረደ። «ለካ...» አሉ።

«ለካ ምን?» አሉ እማሆይ ከኋላ።

«ለካ ይከብዳል!»

ባሻ ጥጋቡ ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ሳለ፣ ቄስ ጠመንጃ ተሸክሞ ሲመጣ አዩ። ቄስ! ጠመንጃ! ሰማይ የተደፋባቸው መሰላቸው። «መምሬ፣ አገር ምን ይለናል? አምጡት!» ተቀበሉ። ተሸካሚ ዞር ብለው ፈለጉ፣ የለም። ሁለት ጊዜ ትከሻ ቀየሩ። ስለ ጎሹ አንድ ቃል አልወጣቸውም።

አያ ስንሻው ከድንጋያቸው ላይ ሆነው፣ በዕድሜ የሚበልጧቸው ባሻ ጎብጠው ሲያልፉ አዩ። ወገባቸውን ረሱት። «ባሻ፣ እኔ እያለሁ? አምጡት!» ተቀበሉ። ወገባቸው ግን አልረሳቸውም፤ «ወየው!» አሰኛቸው።

ምናሉ በሩ ላይ ቆሞ ሰልፉን አየ። ከፊት አያ ስንሻው ከውጅግራው ጋር እየታገሉ፣ ከኋላ ባሻ እያለከለኩ፣ መምሬ በባዶ እግራቸው፣ እማሆይ በምርኩዛቸው፣ ከሁሉም ኋላ ትጓደድ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ። ሮጦ ተቀበላቸው። ከእሱ በታች የሚቀበለው ማንም የለም።

«አነጣጥር» አለችው ትጓደድ።

አነጣጠረ። ትጓደድ መቁጠር ጀመረች፤ ሰባት ላይ ክንዱ ወረደ።

እንግዲህ ተመልከቱ። እማሆይ መምሬን አዘዙ፣ መምሬ ባሻን መከሩ፣ ባሻ ለአጎት ተናገሩ፣ አጎት ለምናሉ ፈቀዱ፣ ምናሉ ከግድግዳው ቀላሏን አወረደ፣ ቀላሏ ትጓደድ ትከሻ ላይ ገባች። አራት ሰው አራት ቀን ያሰረውን፣ አንድ ውጅግራ በአንድ ጥዋት ፈታው።

በማግሥቱ ገና ሲነጋጋ አውራው ከርከሮ አምስተኛው እርከን ውስጥ ገባ። ትጓደድ ገመድ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ዳገቱን በሩጫ ወጣች፣ ትንፋሿ አልከዳትም። አነሳች፣ አነጣጠረች፣ ቃታውን ሳበች። ጠመንጃዋ ጮኸች፣ ከርከሮው ወደቀ፣ መንጋው ወንዙን ተሻግሮ ጠፋ፣ አምስተኛው እርከን ተረፈ። አንድ እርከን ዓመት አያደርስም፣ አውቃለሁ። በልኩ ከበሉት ግን እስከ ፋሲካ ያደርሳል። ከፋሲካ ወዲያ ያለውን እሷ ታውቅበታለች፤ ልጆቿ ግን የማንም ቤት አልገቡም።

ተኩሱን ሰምተው ወንዶቹ ሁሉ እየሮጡ ወጡ። ከበቡት። ጥርሱን በዱላ ነካኩት። «አቤት ትልቅነቱ!» አሉ። «አቤት ክብደቱ! እዚህ ማሽላ መሐል ከቀረ ጅብ ይጠራል፣ የተረፈውን ጅብ ይረግጠዋል። ማን ነው የሚያወጣው?»

ትጓደድ ከትከሻዋ ገመድ አውርዳ ፊታቸው ወረወረች።

«ከባድ ነገር የምታከብሩ እናንተ አይደላችሁ? ጎትቱ!» አለች፤ ሽበታቸውን አይታ እንኳ አንቱ አላለቻቸውም።

ምናሉ ጎተተ፣ አያ ስንሻው ጎተቱ፣ ባሻ ጎተቱ። መምሬ እጃቸው እንዳይረክስ ዳር ቆመው «በርቱ» አሉ። እማሆይ ከታች ሆነው «አንተም ያዝ!» ቢሏቸው፣ መምሬም የገመዱን ጫፍ ያዙ። እነሱ ሲጎትቱ ትቻቸው፣ እኔ ልነግራችሁ መጣሁ።